እጄ ይነግረኛል

ባለቤቴ አንድርያስ የሰው መኪና ከመንካቱ በፊት የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወይ «ይሄ የኔ ነው» ይላል፣ ወይ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ጋራዥ ውሰደው» ይላል። ሰፈራችን ዋይትሆል ያለ ሐበሻ መኪናውን አምጥቶ እኛ ደጅ ያቆም የነበረው በዚህች ቃሉ ተማምኖ ነው። መካኒክ ስለሆነማ አይደለም። ሱዳን ሳለን የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነድቷል። መኪና መጠገን የተማረው መጀመሪያ የገዛናት አሮጌ መኪና በየመንገዱ እየቆመች ስታስቸግረን፣ በግድ ነው።

ድንበሩን ግን ያውቃል። ዘይት፣ ባትሪ፣ ካንዴላ፣ መብራት፣ የፍሬን ሸራ የሱ ነው። ዲናሞ ሲሆን ጓደኛው ጀማነህ መጥቶ ካልያዘለት አይነካውም። ማርሽ፣ መሪ፣ የሞተር ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የሱ አይደለም። ሰው «አንተማ ምን ያቅትሃል» ብሎ ሊያሞካሸው ሲሞክር «አላውቀውም አልኩህ እኮ» ይላል፣ ቅር ሳይለው። በዕድሜዬ ብዙ ወንድ አይቻለሁ፤ «አላውቅም» ሲል ፊቱ የማይቀየር ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። እውነቱን ለመናገር የወደድኩትም በዚህ ነው።

ሰው ሲያረጅ ከሥራው እጁን እያነሳ መሄዱ አይቀርም። የአንድርያስ ኩራት መቼና ከየትኛው እጁን እንደሚያነሳ ራሱ መወሰኑ ነበር። ሰዎች የወሰዱበት ይህንን ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ደጎች ናቸው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃችን ገበያ ነበር። አንዱ ዘይት ሊያስቀይር ይመጣል፣ አንዷ መብራቷ ጠፍቶባት ትመጣለች፣ እትዬ ማሚቴ ደግሞ ምንም ሳይኖራት «እስቲ አንድርዬ፣ ድምፁን ስማልኝ» ብላ ትመጣለች። መኪናው መግቢያችንን ሞልቶ መንገድ ዳር ሁሉ ይቆማል። እኔ ምሳ እሠራለሁ። ጾም ከሆነ ሽሮና ጎመን፣ ካልሆነ ጥብስ፤ ሁሉንም አስገብቼ አበላለሁ። በልተው፣ ጉንጬን ስመው፣ እሱን «እጅህ ይባረክ» ብለው ይሄዳሉ። ከኛ ቤት ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር።

ጀማነህ ከሁሉም ይቀርበናል። በዕድሜ ከአንድርያስ ብዙም አያንስ፣ ግን «ጋሼ» ይለዋል። ካርቱም አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለን አብረን ኖረናል። እዚህ ከመጣን በኋላ ሮሃን ልወልድ ምጥ የያዘኝ ቀን፣ አንድርያስ ሥራ ላይ ስለነበር፣ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። መፍቻ ሲያቀብል፣ ክሪክ ሲይዝ፣ ከሥር ተኝቶ ባትሪ ሲያበራ ስንት ዓመት አብሮት ኖረ። ይሄንን የምነግራችሁ ሰውየውን እንዳትጠሉት ነው፤ እኔ ራሴ መጥላቱ አልሆነልኝም።

አንድርያስ ስኳር አለበት። ድሮ የጀመረው ነው፤ ክኒኑን ይውጣል፣ ጣፋጭ አይነካም፣ ተላምደው ይኖራሉ። ካቻምና ግን አንድ ነገር አየሁ። ገና ከምድጃ የወረደ የሻይ ብርጭቆ በመዳፉ ጨብጦ ቴሌቪዥን ያያል። እኔ በፎጣ ይዤ ነው ያመጣሁለት።

«አያቃጥልህም እንዴ?» አልኩት።

«ምኑ?» አለኝ።

ብርጭቆውን ተቀበልኩትና መዳፉን ገልብጬ ሳየው በርበሬ መስሏል። ሐኪሙ ስኳሩ የጣቶቹን ነርቭ እየጎዳው መሆኑን ነገረን። አንድርያስ «ትንሽ ደንዘዝ ይለኛል እንጂ እሠራበታለሁ» አለ። ሐኪሙም እጁን ማንቀሳቀሱ ጥሩ ነው አለው፤ ምን እንደሚሠራበት ግን አልጠየቀውም።

እዚህ ላይ የባለቤቴን አሠራር ማወቅ አለባችሁ። ብሎን ሲያጠብቅ በመለኪያ አይደለም። ጀማነህ አንድ የገና በዓል ላይ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚናገር መፍቻ ገዝቶለት ነበር። አንድርያስ አመስግኖ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። «እጄ ይነግረኛል» አለ። ያኔ እውነቱን ነው፣ ይነግረው ነበር። ብሎኑ ሲይዝ፣ ሲጠብቅ፣ ከዚህ ካለፈ ይበጠሳል የሚባልበት ጋ ሲደርስ በጣቶቹ ይሰማዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያጠብቅ አይቼዋለሁ። ያ እጅ መናገር ሲያቆም ማቆሙን ማን ይነግረዋል? እጁማ አይነግረውም።

የነገረችው ሮሃ ናት። አንዲት ልጃችን ናት፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ፋርማሲስት ሆና ክሊንተንቪል ትኖራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናደድ ግን አማርኛው ይጠፋባታል። አንድ ቅዳሜ ልትጠይቀን ስትመጣ አባቷ ተንበርክኮ መሬቱን ሲዳብስ አገኘችው። ከእጄ ወደቀ ብሎ ዳዶ እየፈለገ ነው። ዳዶው እዚያው በሁለት ጣቶቹ መካከል ነበር።

«ዳድ፣ ዩ ካንት ፊል ዮር ፊንገርስ» አለችው። «ጀስት ቴክ ኢት ቱ ዘ ሾፕ።» ጣቶችህ አይሰሙህም፣ በቃ ለጋራዥ ስጠው ነው የምትለው።

ይሄን ሁሉ ያለችው ሰው ፊት ነው። ጀማነህ ጫማውን ማየት ጀመረ። እትዬ ማሚቴ «ውይ ልጄ፣ ለአባት እንዲህ አይባልም» አለች። እኔም በዓይኔ ዝም በይ አልኳት። ሮሃ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ቤት ገባች፣ ከዚያ በኋላም አላነሳችውም። አንድርያስ ግን በልቡ ይዞት ኖሯል።

አሮጌዋን ኮሮላችንን የገዛናት ሮሃ ኪንደርጋርተን ስትገባ ነው። በረዶ ሊያቀልጡ መንገዱ ላይ የሚበትኑት የኦሃዮ ጨው ከሥር እየበላት፣ አንድርያስ ከላይ እየጠገናት እዚህ ደርሳለች። ባለፈው ነሐሴ የፊት ፍሬኗ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ስንት ጊዜ የሠራው ሥራ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይሄ የኔ ነው» ብሎ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ያን ቀን ግን አዲሱን ሸራ ገዝቶ አመጣ፣ ክሪኩን አወጣ፣ ከዚያ ጎማውን ሳይፈታ ደጅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጀማነህ መጣ። እኔ ኩሽናው መስኮት ሥር ሽንኩርት እከትፍ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጀማነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «እውነቱን ነው የምትነግረኝ።»

«ጠይቀኝ ጋሼ።»

«እጄ እንደ ድሮው ነው? ልጅቷ ያለችው ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ሳጠብቅ የጠበቀ ይመስለኛል፤ ግን ለኔ ስለመሰለኝ ብቻ ጠብቋል ማለት አይደለም። ከሥር ገብተህ የምታየው አንተ ነህ። ተበላሽቶ ከሆነ ንገረኝና ፍሬን አልነካም፤ ዛሬውኑ ለሚልኪ እሰጠዋለሁ። ቅር አይለኝም።»

ሚልኪ ሞርስ ሮድ ላይ ጋራዥ ያለው ልጅ ነው። አንድርያስ «የኔ አይደለም» ያለውን መኪና ሁሉ ሲልክ የኖረው ወደሱ ነው።

ጀማነህ ክሪኩን በእግሩ ገፋ አደረገው። እኔም ቢላዬን አቁሜ ጠበቅኩ። የሻዩን ብርጭቆ ካየሁ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩት ጥያቄ ይሄው ነበር፤ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ ሲጨንቀኝ ከርሞ ራሱ ጠየቀልኝ።

«እንዴ ጋሼ፣ ምን ማለትህ ነው?» አለ ጀማነህ በመጨረሻ፣ ሳቅ እያለ። «ያንተ እጅ እኮ ወርቅ ነው። የኔን መኪና ማን ነው የሚሠራት? ሃይዌይ ላይ እየበረርኩባት አይደል እንዴ የምመጣው?»

«አንድም ሰው ላላብኝ ብሎ ተመልሶ አልመጣም» አለ አንድርያስ፣ ለራሱ እንደሚያስረዳ። «ቢላላ ኖሮ ይመጡ ነበር።»

«ይመጡ ነበር እንጂ። የዚህ አገር ልጆች በሆነው ባልሆነው ዎሪ ያደርጋሉ፤ ተዋት።»

አንድርያስ ከወንበሩ ተነሳ። «እንግዲያው ይሄ የኔ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ጀማነህ ክሪኩን ያዘለት፣ ጎማዎቹን አብሮት ፈታ። የውስጡን ብሎን ማጥበቅ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ወጣ። የሚያወራው ከማን ጋር እንደነበረ አላውቅም፤ የሚያወራው ሰው መኖሩንም እንጃ። ምሳ ላይ ሁለቱም በደንብ በሉ።

ኮሮላዋ ጩኸቷን ተወች። ጥቂት ሳምንት በሰላም ነዳናት። መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከፊት ጎማ በኩል ኳ ኳ የሚል ነገር ተሰማ። አንድርያስ ሬዲዮኑን አጠፋ። «ይሄ ጥሩ ድምፅ አይደለም» አለና ዳር ሊይዝ ፍሬን ረገጠ። ከሥራችን አንድ ነገር ሲላተም ሰማሁ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናዋ ግን እንደ አካሄዷ ናት።

ፊት ለፊታችን ቀይ መብራት አለ፤ ከግራና ከቀኝ መኪናው ይተላለፋል። መብራቱ ሳይደርስ ፌርማታው ላይ የልጅ ጋሪ የያዘች እናት ቆማለች። «ያዢ» አለኝ። ማርሹን አወረደ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ ሳብ ለቀቅ አደረገው፤ ከዚያ ሴትዮዋ ጋ ሳንደርስ መሪውን ወደ ቀኝ ሰብሮ የእግረኛ መንገዱን አዘለላትና አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ያለ ሣር ላይ አወጣን። የማስታወቂያ ምሰሶ ገጭተን ቆምን። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ሌላ ማንም ምንም አልሆነም። የመጣው ፖሊስ የጎማውን መስመር ሣሩ ላይ እያየ ሄደና ተመልሶ አንድርያስን ትከሻውን መታ አደረገው። «ጉድ ድራይቪንግ፣ ሰር» አለው፤ ጥሩ ነድተሃል ማለቱ ነው። አንድርያስ የሰማውም አይመስለኝም፤ የሚያየው እጄን ነበር።

መኪናዋን በጎታች መኪና ሚልኪ ጋ ቶው አደረጓት። በነጋታው ሮሃ እየነዳች ወሰደችን። ሚልኪ መኪናዋን ሰቅሎ፣ ጎማውን አውልቆ ጠበቀን።

«ይኸውልህ ጋሼ» አለ ባትሪ እያበራ። «ሸራውን አቅፎ የሚይዘው ብረት፣ ካሊፐሩ፣ የታችኛው ብሎኑ የለም፤ ወድቋል። ካሊፐሩ ሲወዛወዝ ከቸርኬው ጋር ተላትሞ የፍሬን ዘይቱን ቱቦ በጥሶታል።»

«ብሎኑ ተሰብሮ ነው?» አለ አንድርያስ።

ሚልኪ ከመመለሱ በፊት እኔን አየኝ፤ በጄሶ የታሸገውን እጄንም አየ። «አልተሰበረም ጋሼ። አልጠበቀም ነበር። የላይኛውም እንደዚያው ነው፤ በጣቴ ይዞራል።»

አንድርያስ እጁን ሰደደና የላይኛውን ብሎን ያዘው። አላዞረውም፣ ዝም ብሎ ያዘው። «አሁንም የጠበቀ ነው የሚመስለኝ» አለ በቀስታ።

ሚልኪ ጨነቀው። መጥፎ ልጅ አይደለም፣ ሊያጽናናው ብሎ ነው። «ይሄ እኮ ምንም ማለት አይደለም ጋሼ። የራስህንም እንደሌሎቹ ብትልክልኝ ቼክ አደርግልህ ነበር» አለ።

«እንደየትኞቹ?»

«አንተ የምትሠራቸውን ነዋ። ቅዳሜ ካንተ ጋ ሲወጡ በኔ በኩል ያልፉ የለ? የላላውን አጠብቃለሁ፣ የባሰውን እንደገና እሠራዋለሁ። እኔ አንተው ራስህ ‹ሚልኪ ይየው› እያልክ የምትልካቸው መስሎኝ…» የአንድርያስን ፊት አየና አቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጋሼ፣ ተወው እስቲ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ሚልኪ?»

«ካቻምና፣ ስኖው መጣል ሲጀምር። መጀመሪያ ጋሼ ጀማነህ መጣ፣ ጎማው ላልቶበት። ከዚያ ለሌሎቹም ነገራቸው።»

«ማሚቴም?»

«እትዬ ማሚቴም።»

አንድርያስ ብሎኑን ለቀቀና እጁን በጨርቅ ጠረገ። የቆሸሸ ነገር አልነበረበትም፤ የድሮ ልማዱ ነው። ሮሃ አለቀሰች። እኔ ልቅሶ አልመጣልኝም፤ የመጣብኝ ያ ሁሉ ምሳ ነው። ጥብሴን በልተው፣ ጉንጬን ስመው፣ «እጅህ ይባረክ» ብለው፣ ቀጥ ብለው ሞርስ ሮድ። በየሳምንቱ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምስጢር ሲጠብቅ አንድ ሰው እንኳ አላመለጠውም፤ ሌላ ጊዜ የሰው ፍቺ ሳይፈጸም የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

ደግሞ በወጉ ሊጠይቁን መጡ። ብርቱካንና ጭማቂ ይዘው፣ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ» እያሉ ሳሎኑን ሞሉት። ብርቱካኑን እየተቀበልኩ ኩሽና ወለል ላይ አስቀመጥኩት፤ መላጫ እጅ የለኝም። ሚልኪ ሳይነግራቸው አልቀረም፤ ማንም ስለ መኪናዋ አይጠይቅም። ስለ ጄሶው፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ዘንድሮው ብርድ ያወራሉ። ጀማነህ በሩ አጠገብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«ጀማነህ» አለ አንድርያስ። «እውነቱን ንገረኝ ብዬህ ነበር።»

ጀማነህ የካፖርቱን ቁልፍ እየነካካ «ይሉኝታ ያዘኝ ጋሼ» አለ። «በምን አፌ ልንገርህ? አንተ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ የምትኖረው ቅዳሜን ነው። እሷን ከወሰድንበት ምን ይቀረዋል ብለን ነው።»

«ብለን?»

«ሁላችንም።»

«የሰውን ሁሉ አስጠበቃችሁ። የኔንስ?»

«ያንተን እንዴት ልንካብህ? ለራስህ ስትሆን፣ ደግሞ እትዬን ይዘህ የምትሄድባትን፣ ይበልጥ ትጠነቀቅባታለህ ብዬ…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አንድርያስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይሄ የኔ አይደለም እያልኳችሁ ነው የኖርኩት» አለ። «ሳፍር አይታችሁኛል? ቅር ብሎኝ ያውቃል? ከፍሬን በፊት ስንቱን የኔ አይደለም ብዬ የለም እንዴ? ብትነግሩኝ ራሴ እለው ነበር። መብራት እየቀየርኩ፣ ውሃ እየሞላሁ፣ ሌላውን ለሚልኪ እየላክሁ ከናንተ ጋር እቀመጥ ነበር። አሁን እሱንም አልችልም። የቱን እንደምችል የቱን እንደማልችል በምን አውቃለሁ? የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ላንተው ብለን እኮ ነው አንድርዬ» አለች እትዬ ማሚቴ።

«አውቃለሁ» አላት።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ሲወጡ ጉንጬን ሊስሙኝ ጎንበስ አሉ፤ የተሰበረ እጄን አመካኝቼ ሸሸሁ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድርያስ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ወደኔ ዞረ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«በማርያም፣ አላውቅም ነበር» አልኩት።

«እሺ» አለ። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ስንት ዓይነት እሺ እንዳለው አውቃለሁ። ይሄንን እሺ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ መጣ፣ ደጁ ባዶ ነው። በሚቀጥለውም ባዶ ነው። መፍቻዎቹን ሁሉ አውጥቶ በጋዝ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ ሳጥናቸው ውስጥ መለሳቸውና ሳጥኑን ቆለፈው። ኮሮላዋን ሚልኪ ሠራት፤ ሮሃ አመጣቻት እንጂ እሱ ሄዶ አላያትም። አንድ ቅዳሜ ጀማነህ መጣ። መኪናውን እንደ ድሮው አስገብቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አጠገቧ ቆሞ ቀረ። አንድርያስ በመስኮት አየው።

«መጥረጊያዋን ላስቀይር ነው የመጣሁት» አለኝ ጀማነህ ስወጣ። «የዝናብ መጥረጊያ ነው እትዬ። እሷን እንኳ…»

ገብቼ ነገርኩት። አንድርያስ ከመስኮቱ ሳይነሳ «ወደሚወስዳት ይውሰዳት በይው» አለኝ። እንደዚያ ብዬ መንገር አቃተኝ፤ ወጥቼ ጀማነህን «ትንሽ አሞታል» አልኩት። ጀማነህ ኮፈኑን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ወደ ቤት ስመለስ አንድርያስ «ምን አልሽው?» አለኝ። ያልኩትን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ቤታችን ውስጥ የገባውን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ እንጃ። ወጡ እንዴት ነው ስለው ይበላል፣ ሸሚዙ ያምርብሃል ስለው ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። ያልኩትን ትቶ ፊቴን ነው የሚያየው። ሐኪሙ ስኳርህ ወርዷል፣ ጎበዝ ነህ ሲለው ወረቀቱን ተቀብሎ ለሮሃ ይልክላታል። «እሷ ትናገራለች» ይላል። ሮሃ በየምሽቱ ትደውልለታለች፤ እየደጋገመች ኮል እንድታደርግለት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ እንደመጣላት ስትነግረው፣ አንዳንዴ ስትቆጣውም፣ ፊቱ ዘና ሲል አያለሁ። አንድ ቀን «አንቺ ብቻ ነሽ» ሲላት ሰማሁት። ሮሃ ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ጄሶዬ የተፈታ ዕለት ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አድርጎ አንጓዬን በሁለት እጁ ዳሰሰው፤ ቀስ ብሎ፣ ብሎን እንደሚፈልግ።

«ተጣሟል?» አለኝ። «እኔ አይታወቀኝም።»

«አልተጣመመም» አልኩት። ከዚያ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ልነግረው የፈለግኩትን ነገርኩት። «አንድርዬ፣ ያን ቀን እኛን ያተረፈን ያንተ እጅ ነው። አጠገብህ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መብራቱ ላይ እናልቅ ነበር፤ ያቺን እናት ከነልጇ እንገድላት ነበር። ፖሊሱም ብሎሃል።»

«ፖሊስማ ሽማግሌ ሲያይ ምን ይበል» አለኝ።

«አይቻለሁ እኮ ነው የምልህ።»

ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ብዙ አየኝ። ሮሃ መኪናዋ ውስጥ አልነበረችም፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የምጠራለት ሌላ ምስክር የለኝም። እጄን ቀስ አድርጎ ጭኔ ላይ መለሰልኝ።

«ተይ እናናዬ» አለኝ። «አንቺ እንኳ አታባብይኝ።»

እውነቱን ነበር የነገርኩት።